የጣለችኝ ታንሳኝ

ሰቆጣ የደረስነው በስንዴ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ነው። መኪናው ከኮረም ተነስቶ ጠመዝማዛውን ሲወጣና ሲወርድ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ስለነበር ከተማዋን ቀድመን ያየናት እኔና አባቴ ነን። በተራሮች መካከል የተበተኑ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ አቧራማ መንገድ፣ ከፍ ብሎ ቤተ ክርስቲያን፣ ዝቅ ብሎ የመስጊድ ሚናራ። አባቴ «ይኸው አገሬ» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን የጆንያውን ገመድ እንደጨበጠ ይመለከት ነበር።

አባቴ የደሃና ሰው ነው። ገና ጢም ሳያበቅል አገሩን ለቆ አሥመራ ገባ፤ ክር ፋብሪካ ተቀጠረ፤ እናቴን አገባ፤ እኔን ወለደ። እናቴ እዚያው አሥመራ ተወልዳ ያደገች ናት። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ትግርኛ ነበር። አማርኛ ከአባቴና ከትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። ኽምጣና የሚባለውን የአባቴን የልጅነት ቋንቋ ግን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም፤ ምናልባት ለብቻው ሲሆን ከብት የሚነዳ ይመስል አንዳንድ ቃል ያጉረመርም ይሆናል እንጂ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ እኛ የማን አገር ሰዎች እንደሆንን የምንወስነው እኛ አልነበርንም። በአንድ ሻንጣ መረብን ተሻገርን፤ መቀሌ ጥቂት ወራት ተንገላታን፤ ከዚያ አባቴ «አገር እያለኝ በድንኳን አልቀመጥም» ብሎ ወደ ዋግ ይዞን መጣ።

አገር ያለው ሰው ግን አገሩ ሲደርስ ወደ መንደሩ ለመሄድ አንድ እርምጃ አልተራመደም። ደሃና ሩቅ አልነበረም፤ በገበያ ቀን ከዚያ የሚመጣ ሰው ሞልቷል። እናቴ ስትጠይቀው «ክረምቱ ይውጣ» ይላል፤ ክረምቱ ሲወጣ «አዝመራው ይሰብሰብ» ይላል። አሁን ሳስበው ፈርቶ ነው። በዋግ ያ ሁሉ ረሃብ ሲያልፍ እሱ አሥመራ ነበር፤ ማን እንደተረፈ አያውቅም፤ ላለማወቅም እየተሸሸገ ነበር።

የተከራየነው አንድ ክፍል ቤት ከአንድ ነጋዴ ሱቅ ጀርባ ነበር። ሁሉም ሰው «ሐጂ» ነው የሚላቸው፤ እኛም እንደዚያው አልን። ጨው፣ ዘይት፣ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ በጓሮ በኩል ደግሞ በእንጨት የሚነድ የዳቦ ምድጃ ነበራቸው። ሰላምታቸው ረጅም፣ ወሬያቸው አጭር ነው። ቤቱን ሲያከራዩን ከየት እንደመጣን ጠይቀው፣ መልሱን ሰምተው፣ ዳግመኛ አላነሱትም።

ሌላው ሰው ግን ያነሳ ነበር። ትግርኛ ለሰቆጣ ሰው እንግዳ ቋንቋ አይደለም፤ የእናቴ ትግርኛ ግን የአሥመራ ቃና ነበረው፣ ያ ቃና ደግሞ በዚያን ጊዜ ጆሮ ላይ ይሻክር ነበር። ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ አፏን ስትከፍት ወሬው ቀጥ ይላል። ልጇ ግንባር ያለች እናት አጠገቧ ቆማ እያለች ምን ይባላል? አልፈርድባቸውም። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ ውሃውን እኔ እንድቀዳ ተወችልኝ፤ ከቤት የምትወጣውም ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ሆነ።

ሥራ ያገኘሁት በዳቦው ምክንያት ነው። የሐጂ ዳቦ የሚሸጠው እዚያው ሱቁ አካባቢ ብቻ ነበር። ላይኛው ሰፈር ሆስፒታሉ፣ ትምህርት ቤቱና ሻይ ቤቶቹ ጋ በሰው ትከሻ እስኪደርስ ቀዝቅዞ ይደርቃል። በመጋዘናቸው ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ብስክሌት ተሰቅሎ ነበር። በረሃቡ ጊዜ እርዳታ ይዞ የመጣ ፈረንጅ ሲሄድ የተወላቸው ነው። ከመሪው ላይ የሽንኩርት ጉንጉን ያንጠለጥሉበታል።

አሥመራ ብስክሌት የሀብታም ወይም የወንድ ዕቃ አይደለም። አባቴ ወደ ፋብሪካ የሚሄደው በእሱ ነበር፤ ጎረቤታችን አሮጊት ገበያ የሚወጡት በእሱ ነበር፤ እኔም የአባቴ ፈረቃ የማታ ሲሆን እየወሰድኩበት ትምህርት ቤት ተመላልሻለሁ። እኛ ብሽክለታ እንለዋለን። ስለተውነው ነገር ሲነሳ እናቴ እናቷንና እህቶቿን ታነሳለች። እኔ ለማንም አልናገርም እንጂ ከሁሉ የሚናፍቀኝ በማለዳ አስፋልቱ ላይ ፔዳል ረግጦ መሄድ ነበር።

አንድ ቀን ሐጂን ብስክሌቱን ላውርደው ወይ አልኳቸው። ምን ልታደርጊበት ነው አሉኝ። ዳቦው ሳይቀዘቅዝ ላይኛው ሰፈር አደርሰዋለሁ አልኩ። ብዙ አሰቡ። ሴት ልጅ በሳይክል ላይ ስትቀመጥ ሰው ምን ይላል የሚለውን እንዳሰቡ ገብቶኛል። ከዚያ ሽንኩርታቸውን ራሳቸው አወረዱ።

ጎማዎቹ ተንፍሰው ደርቀው ነበር። አባቴ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ላስቲክ እየቆረጠ በማስቲሽ ለጠፈ፤ በሳፋ ውሃ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ፈለገ። ከኋላው የዳቦ ጆንያ የሚችል የእንጨት መጫኛ አሰረበት። ያን ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያፏጭ ሰማሁት።

ሰቆጣ ግን አሥመራ አይደለችም። ሰቆጣ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ድንጋዩ እንደ እንቁላል ይንከባለላል፤ የግራር እሾህ ጎማ ሳይፈልግ አይውልም። ጠዋት በሙሉ ጭነት ሽቅብ እየገፋሁት እወጣለሁ፤ ባዶውን ይዤ ደግሞ እየጋለብኩ እወርዳለሁ። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ ነጠላዬን ወገቤ ላይ እታጠቃለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው በሩ ላይ ወጥቶ ያየኝ ነበር። አህያ የጫኑ ገበሬዎች ሲያዩኝ አህያቸውን በአንገቱ አቅፈው ይቆማሉ፤ ደግሞም ልክ ነበሩ፣ አህያ ሳይክል ሲያይ ጭነቱን ጥሎ ይሄዳል። ከቅዳሴ የሚመለሱ አንድ ቄስ ጥግ ይዘው ፊታቸውን ወደ አጥር ያዞሩ ነበር። ከወራት በኋላ ግን አስቁመውኝ ይህ ነገር ሲሄድ ለምን እንደማይወድቅ ጠየቁኝ። ሲቆም ግን እንደሚወድቅ እግሬን ከመሬት አንስቼ አሳየኋቸው፤ ሳቁ፤ ከዚያን ቀን በኋላ ፊታቸውን አላዞሩም።

ዳቦው ላይኛው ሰፈር ትኩስ ይደርስ ጀመር። ሻይ ቤቶቹ ይጠብቁኛል፤ የሆስፒታሉ ዘበኛ ሳያስቆመኝ በሩን ይከፍታል። ሆኖም ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። «ኤርትራዊቷ መጣች» ነው የሚሉት፤ በክፋት ላይሆን ይችላል፤ ሌላ የሚጠሩበት ስላላገኙ ነው። በሳይክል የሚሄድ ሰው ሰላምታም አያደርስም፤ እጁን ካነሳ ይወድቃል። እንዲህ እያልኩ ከተማዋን ሁሉ እያካለልኩ ከማንም ጋር ሳላወራ ብዙ ወራት አለፉ።

አደጋው የደረሰው በገበያ ቀን ነው። ከሆስፒታሉ በኩል ባዶ ጆንያ ይዤ ወደ ገበያው ስወርድ የፊት ፍሬኑ ሽቦ ድንገት ተበጠሰ። የኋላው ከመጀመሪያውም አስተማማኝ አልነበረም። እግሬን መሬት ላይ ጎተትኩ፤ ጫማዬ ከእግሬ ወለቀ። መንገዱ በሰውና በከብት ሞልቷል። ደንግጬ ስለነበር የጮህኩት በትግርኛ ነው። ግማሹ ሰው ገብቶት ዞር አለ። ከፊት ለፊቴ አንዲት ባልቴት ጀርባቸው ላይ አንድ የሸክላ ጉንዶ ማር አዝለው ይሄዱ ነበር። ጩኸቱን ሰምተው ዞሩ፤ ግን የዞሩት ወደ እኔ መንገድ ነበር፤ ገጨኋቸውና ሁለታችንም ወደቅን።

ብድግ ስል ባልቴቷ መሬት ላይ ተቀምጠው ቁርጭምጭሚታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የማሩ ጉንዶ ተሰብሮ ነጩ ማር አቧራው ላይ ይሄዳል። አልጮኹም፤ ፊታቸው ብቻ አመድ መስሏል። እኔ ጉልበቴ ደምቶ ነበር፤ ያየሁት ግን ማታ ነው። ሰው ከበበን። አብሯቸው ለገበያ የመጣው የወንድማቸው ልጅ ዱላውን ይዞ ደረሰ፤ ሌሎች ሰዎች ያዙት። ከኋላ የሆነ ሰው «ኤርትራዊቷ ሰው ገደለች» አለ። ይህ ቃል በሕዝብ መሃል ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ አይቼዋለሁ፤ ከአሥመራ ያስወጣን እንዲህ ያለ ቃል ነው፣ አገሩ ብቻ ነው የተለየው።

ሐጂ ሱቃቸውን ክፍት ትተው እየተጣደፉ መጡ። መጀመሪያ ያናገሩት እኔን አይደለም፣ ሕዝቡንም አይደለም። ባልቴቷ አጠገብ ቁጢጥ ብለው እግራቸውን አዩ፤ ከዚያ ወጌሻ እንዲጠራ አዘዙ። ወጌሻው መጥቶ እየዳሰሰ አጥንቱ ስንጥቅ ብሏል እንጂ አልተሰበረም አለ፤ በቀርከሃ ስንጥር አሰረው። ጉዳዩ ግን በዚህ አላለቀም። ሽማግሌዎች ከገበያው ዳር ዋርካ ሥር ተቀመጡ፤ አባቴም ተጠርቶ መጣ።

አባቴ እንደዚያን ቀን ትንሽ መስሎ ታይቶኝ አያውቅም። የፋብሪካ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሽማግሌዎቹ በአማርኛ ጠየቁ፤ እኔ የሆነውን ተናገርኩ። ባልቴቷ ኽምጣና ነው የሚናገሩት፤ አማርኛቸው ትንሽ ነው። ስለዚህ የወንድማቸው ልጅ ያስተረጉምላቸው ነበር። እሳቸው አንድ ነገር ዝግ ብለው ይናገራሉ፤ እሱ ያን በንዴት አርዝሞ ያመጣዋል። በመጨረሻ «ያ ብረት በፊቴ ይሰባበርልኝ፣ ልጅቷም ከዚህ ከተማ ትውጣ ይላሉ» አለ።

አባቴ ቀና አለ። «እንዲያ አላሉም» አለ በአማርኛ። «‹ያን ብረት ከፊቴ አርቁልኝ› ነው ያሉት። ስለ ልጄ ምንም አላሉም።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ከዚያ አባቴ ወደ ባልቴቷ ተጠግቶ በኽምጣና ተናገረ። እኔ ልጁ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ከአፉ ወጣ። ቀስ እያለ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ። አንዳንዱ ቃል ላይ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በኋላ እንደተረዳሁት አባቴ የሚናገረው የልጅነቱን ቋንቋ ነበር፤ ሌላው ሰው ሲያረጅ ቋንቋው አብሮት አድጓል፣ የእሱ ግን በሄደበት ቀን ቆሟል። ሰው የተዋቸውን የድሮ ቃላት በሕፃን አነጋገር ይናገር ነበር።

ባልቴቷ ሕመማቸውን ረስተው አፈጠጡበት። የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት። የአባቱን ስምና መንደሩን ነገራቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ብለው ነው መሰለኝ በዚያች ትንሽ አማርኛቸው ተናገሩ።

«እኔ የዚህን ሰው ተዝካር በልቻለሁ።»

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ፈገግ አሉ፤ ሌላው በጥርሳቸው ሳቁ፤ ዱላ የያዘው የወንድማቸው ልጅ እንኳ ፊቱ ተፈታ። ባልቴቷ እየደጋገሙ አስረዱ፦ በክፉው ዘመን ማግስት ከአሥመራ ምንም ወሬ ሲጠፋ፣ ቤተሰቡ እሱ ሞቷል ብሎ ተስፋ ቆርጦ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ካህናት ጠርቶ ተዝካሩን አወጣለት። እሳቸውም ጎረቤት ናቸውና ተጠርተው በሉ። አባቴ ቆሞ ያዳምጣል። ማን እንዳወጣለት ጠየቀ። ታናሽ እህትህ አሉት። ትኖራለች ወይ? ትኖራለች። ሌሎቹስ? እጃቸውን ወደ መሬት አወረዱ። አባቴ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

የሽማግሌዎቹ መሪ ጥቂት ጠብቀው ባልቴቷን ምን እንዲደረግላቸው እንደሚፈልጉ ጠየቁ። ስለ ማሩ ምን ይባል?

«ማሩ የንቦች ነበር» አሉ በአባቴ አስተርጓሚነት፤ እውነትም መንገዱ ላይ ንብ ሰፍሮበት ነበር። «ንቦቹ ወሰዱት። እኔ ግን በዚህ እግር ቤቴ አልደርስም። የጣለችኝ ታንሳኝ።»

በዚህ ተፈረደ። የወንድማቸው ልጅ አህያውን እየነዳ ወደ ደሃና ሄደ፤ ባልቴቷ እኛ ቤት ገቡ።

እናቴ ይህን ሁሉ የሰማችው እንግዳዋን በቃሬዛ ይዘን በሩ ላይ ስንቆም ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ። አንሶላውን ቀይራ አልጋውን ለቀቀች። ለቀናት ግን ፊቷ እንደተቋጠረ ነበር። እማማ፣ እኔ እንዲህ ነበር የምጠራቸው፣ ትግርኛ አይሰሙም፤ እናቴ ኽምጣና አትሰማም፤ ሁለቱም አማርኛ ቢናገሩ አንዷ የሌላዋን አማርኛ አትረዳም። አባቴ በመሃል ተቀምጦ ያስተረጉማል። ምግቡም ሌላ ጣጣ ነው። እናቴ እንግዳ ማክበሯ ነበርና ሐጂ ሱቅ የተገኘውን ፓስታ ቀቅላ አቀረበች። እማማ አንዷን በጣታቸው አንስተው ብርሃን ላይ አዩአት፤ ከዚያ አባቴን ይህ ነገር ሲበላ ሞቶ ነው ወይስ ሳይሞት ብለው ጠየቁት። አባቴ ሳቀና ለእናቴ ሳይተረጉም ቀረ። እሷ ግን ከሳቁ ገባት። ያን ቀን ከአሥመራ ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴ ስትስቅ አየኋት፤ እየሳቀች ሳህኑን አነሳችና ቆሎ አመጣች።

ሲውል ሲያድር ሁለቱ ያለ አስተርጓሚ መግባባት ጀመሩ። ምስር ይለቅማሉ፤ ጥጥ ይፈትላሉ፤ እንዝርቷ ቋንቋ አትፈልግም። እማማ የቀበሯቸውን ልጆች በጣታቸው ቆጠሩላት። እናቴ ድንበር ማዶ የቀሩትን እናቷንና እህቶቿን ቆጠረችላቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ዳቦ አድርሼ ስመለስ እናቴ የእማማን እግር ለብ ባለ ውሃ እያጠበች ታለቅሳለች፤ እማማ ደግሞ ጭንቅላቷን እያሻሹ በኽምጣና ያወሯታል። ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እናቴም አታውቅም። ገብቶኛል ነው የምትለው።

እኔ በዚያ ጊዜ ሳይክል አልነዳሁም። ሐጂ አዲስ የፍሬን ሽቦ በሹፌር ከወልዲያ እንዲመጣ ልከው ነበር፤ እስኪመጣ ዳቦውን በጀርባዬ ተሸክሜ በእግሬ አዳርስ ነበር። ዳቦው ቀዘቀዘ፤ ደንበኞቼ አጉረመረሙ። ግን በእግሩ የሚሄድ ሰው ይቆማል። ሰው «የሴትዮዋ እግር እንዴት ሆነ?» ይለኛል፤ እቆምና እነግረዋለሁ። «አባትሽ ነው ተዝካሩ የተበላው?» ይለኛል፤ እሱ ነው እላለሁ። ይህ ወሬ ከተማውን አዳርሶት ነበር። ሰው ከሞት የተመለሰ ዘመድ ያለው ቤት አድርጎ ያየን ጀመር። ቦኖ ላይ አንዲት ሴት እንስራዬን አንስታ ጀርባዬ ላይ አስቀመጠችልኝና እማማን ሰላም በይልኝ አለችኝ። የደሃና ሰው ነበረች። ልጇ ግንባር እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

እማማ በምርኩዝ መራመድ ሲጀምሩ ወደ ቤቴ ልሂድ አሉ። አባቴ ያን ሌሊት ሳይተኛ አደረ መሰለኝ፤ ጠዋት ጫማውን ጠርጎ ጨርሶ ነበር። ሁላችንም እንሂድ አለ። ወደ አምደወርቅ፣ ወደ ደሃና ከተማ፣ እህል የሚጭን መኪና ከከተማው ዳር ይነሳ ነበር። እስከዚያ ድረስ እማማ በእግራቸው አይችሉም። ሽቦው መጥቶ ፍሬኑ ተሠርቶ ስለነበር በፍርሃት ሳይክሉን አነሳሁላቸው። እንደማይቀመጡበት እርግጠኛ ነበርኩ።

ዙሪያውን ዞረው አዩት። ጎማውን በምርኩዛቸው ወጋ ወጋ አደረጉት። ከዚያ «እሺ፣ አሁን ወዳጅ ነን» አሉና እንጨቱ መጫኛ ላይ በአንድ ጎን ተቀመጡ። እኔ መሪውን ይዤ እገፋለሁ፤ አባቴ በአንድ ወገን፣ እናቴ በሌላው ወገን ይደግፏቸዋል። መጀመሪያ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሸፍነው ነበር። ሜዳው ላይ ስንደርስ ገለጡትና ግራ ቀኝ ሰላምታ መስጠት ጀመሩ። ሰው ሁሉ ከሱቁ ወጥቶ ያየናል፤ ሐጂ በራቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። መኪናው ጋ ስንደርስ እማማ ለምን ቆማችሁ፣ ትንሽ አትጨምሩም ወይ አሉን።

ሳይክሉን ለአንድ ሻይ ቤት አደራ ሰጥቼ መኪናው ላይ ወጣን። ከአምደወርቅ በኋላ መንገድ የለም፤ እማማ በተከራየነው በቅሎ፣ እኛ በእግር። ገብሱ ብጫ ሆኖ ነበር። አባቴ አንድ ኮረብታ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ከታች ሦስት አራት ጎጆ ይታያል። ሊቀጥል አቃተው። እናቴ እጁን ያዘችው። እሷ ናት እየጎተተች ያወረደችው፤ ወደማታውቀው ቤት፣ ወደማታውቃቸው ሰዎች።

እህቱ ደጃፏ ላይ ገብስ ታበጥር ነበር። ወሬው ቀድሞን በእማማ የወንድም ልጅ በኩል ደርሷታል፤ ግን አላመነችም ነበር። ሰፌዱን ሳታስቀምጥ አየችው። አባቴ በዚያ የልጅ ኽምጣናው አንድ ነገር ተናገረ። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ምን እንዳላት በኋላ ስጠይቀው ልጅ ሆነው ጥጃ ሲያግዱ እሷ ስታለቅስ የሚጠራትን የቁልምጫ ስም እንደጠራት ነገረኝ። ሌላ ሰው አያውቀውም፤ የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል።

የመንደሩ ቄስ ማታ መጥተው ባረኩን። አባቴ ስለተዝካሩ ምን ይደረጋል ብሎ በቁም ነገር ጠየቃቸው። ቄሱ ጢማቸውን አሻሹና ጸሎት አይበላሽም፣ ተቀምጦ ይጠብቅሃል አሉት።

አባቴ አዝመራው እስኪገባ እህቴን ልርዳት ብሎ እዚያው ቀረ። እናቴም ከእሱ ጋር ቀረች፤ ማንም አላመነም፣ እኔም አላመንኩም። ብቻዬን ተመልሼ ዳቦዬን ማዳረስ ቀጠልኩ። የገበያው ቁልቁለት ላይ ግን ከዚያ በኋላ ከሳይክሉ ወርጄ እየገፋሁ ነው የማልፈው፤ እግረ መንገዴንም ሰላምታ እሰጣለሁ። አንዳንዱ ሰው በስሜ ይጠራኝ ጀመር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት እንዲህ አለፉ። አባቴ ግማሹን ጊዜ ደሃና፣ ግማሹን ሰቆጣ ሆነ። ጦርነቱ ቆመ፤ ድንበሩ ግን አልተከፈተም፤ እናቴ እናቷ መሞቷን የሰማችው በሰው በሰው፣ ብዙ ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ የቦኖዋ ሴት፣ የሐጂ ሚስት፣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ መጥተው ከእሷ ጋር ለቅሶ ተቀመጡ። እኔ አንድ የትምህርት ቤት መምህር አገባሁ። አባቴ ከእነዚያ ዓመታት በአንዱ ታሞ፣ ወደ መንደሩ ውሰዱኝ ብሎ፣ እዚያ አረፈ። እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው ከአስከሬኑ ፊት ፊት ሄዱ።

በቀጣዩ ዓመት እማማ ከልጅ ልጃቸው ጋር በራችን ላይ ቆሙ። መንደሩ ውስጥ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል በላይ የለም፤ ልጅቷ መማር ትፈልጋለች። እናቴ እንደ ድሮው አንሶላ ለመቀየር ተነሳች። ልጅቷ ዓይን አፋር ነበረች፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከእናቴ ጋር ደግሞ በኽምጣና ታወራለች፤ እናቴ በትግርኛ ትመልስላታለች፤ ሁለቱም ምንም የተለየ ነገር ያለ አይመስላቸውም። ሳይክል ላስተምርሽ ብያት ነበር። በትህትና እምቢ አለችኝ። አንድ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ አልሆነም። ጠዋት ጠዋት ዳቦውን እየገፋሁ ሽቅብ ስወጣ እሷ ደብተሯን በጉያዋ ይዛ አጠገቤ ትራመዳለች፤ ዳገቱ ላይ ሲከብደኝ ደብተሯን ጆንያው ላይ አድርጋ ከኋላ ትገፋልኛለች።